«ምን እንደ ጅብራ ያስገትርሻል?»

ልጄ ሰባት ዓመቷ ሳለ ጠዋት ጠዋት አንድ ካልሲ አድርጋ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ መስኮቱ ሥር ትቆም ነበር። የትምህርት ቤት ሰርቪሱ ጥሩምባውን ይነፋል፤ እኔ ደግሞ «ምን እንደ ጅብራ ያስገትርሻል?» እያልኩ እጮሃለሁ። አንድ ቀን «ጅብራ ምንድን ነው?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አይቼው አላውቅም ነበር።

መልሱን ያገኘነው ላስታ ውስጥ ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከተሳለምን በኋላ በበቅሎ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወጣን። ተራራው ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በቅሎዋን የሚስቡት አባት ድንገት ቆም አሉና «ያውልሽ ጅብራ፣ የኔ ልጅ!» አሏት። በጓሳው ሣር መሀል፣ ረጃጅም ቅጠሎቻቸውን አናታቸው ላይ እንደ ጥላ የዘረጉ ተክሎች ጭጋጉ ውስጥ ተገትረዋል።

ጅብራ የኢትዮጵያ ብርቅዬ ተክል ነው፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮችም ይገኛል። አስቸጋሪ ቦታ የሚበቅል ተክል ሁሉ የራሱ መላ አለው። በቦርንዮ ደሴት ተራሮች አፈሩ ለም ስላልሆነ፣ ቅጠሉ እንደ ማሰሮ የሆነ ተክል ነፍሳትን አጥምዶ ይመገባል። የጅብራ ፈተና ግን ብርድ ነው። ቀን ፀሐዩ ይለበልበዋል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል። ስለዚህ ሲመሽ ቅጠሎቹን ሰብስቦ መሀል ያለውን ለጋ ቡቃያ ይሸፍናል።

ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ያድጋል። ጊዜው ሲደርስ ከአናቱ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ያኔ ቁመቱ ከ5 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። እንደ አቧራ የደቀቁ ዘሮቹን በትኖም ይደርቃል። በሕይወቱ የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሳያብብ የተቆረጠ ጅብራ ዘር አይተውም።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ በእኛ ሥራ በሦስት ወር ውጤት ያላሳየ ዕቅድ ይሰረዛል። ልጄንም በዚያው ሚዛን ስመዝናት እንደኖርኩ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው።

ጅብራን የሚያሰጋው መቆረጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ የአየር ንብረት ሙቀት እየጨመረ ከሄደ በ2080 ለጅብራ የሚመች ቦታ አሁን ካለው ከ4 በመቶ በታች ሊሆን እንደሚችል ተንብዮአል።

ቤተሰብዎን ይዘው ከወጡ ወፍራም ጃኬትና ባርኔጣ አይርሱ፤ ልጆችም ችግኞቹን እንዳይረግጡ ከመንገዱ አይውጡ።

ቤት ከተመለስን በኋላ አንድ ጠዋት «ምን እንደ ጅብራ...» ብዬ ስጀምር፣ ልጄ «እያደግኩ ነዋ!» አለችኝ። ሁለተኛውን ካልሲ እኔው አደረግኩላት። የዚያን ቀን ሰርቪሱ አመለጠን።