ከፎቶግራፉ ጋር የተጻፈው

ዲሴምበር 1908 ላይ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሉዊስ ሃይን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ዊትኔል በተባለ ቦታ አንዲት ትንሽ ልጅ በጥጥ መፍተያ ማሽን አጠገብ ቆማ አነሳት። ምስሉ ልብ ይነካል፤ ስለ ዘመኑ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ማስረጃ ያደረገው ሃይን አብሮ ያሰፈረው ማስታወሻ ነው። ቁመቷ 51 ኢንች፣ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው፤ ፋብሪካው ከገባች ዓመት ሆኗታል፤ አንዳንዴ ሌሊትም ትሠራለች፤ በቀን 48 ሳንቲም ታገኛለች። ዕድሜዋን ሲጠይቃት አመነታች፤ አላስታውሰውም አለችው፤ ቀጥላም ለሥራ እንዳልደረሰች፣ ቢሆንም እንደምትሠራ በምስጢር ነገረችው። ለምን እንዳመነታች የሚገባን ሌላ ሰነድ ስንገልጥ ነው። ግዛቲቱ በ1903 ባወጣችው ሕግ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፋብሪካ እንዳይሠሩ ተከልክለው ነበር። ሕጉን ብቻ ያነበበ ሰው ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል፤ ማስታወሻውን ብቻ ያነበበም ሕግ ያልነበረ ይመስለዋል።

ሃይን በ1904 የተቋቋመው ብሔራዊ የሕፃናት ሥራ ኮሚቴ በ1908 የቀጠረው የቀድሞ መምህር ነበር። ሥራው በፋብሪካ፣ በማዕድን ማውጫና በዓሣ ማሸጊያ የሚሠሩ ልጆችን ማንሳት ሲሆን፣ ባለንብረቶቹ በር እንዳይዘጉበት አንዳንዴ ማንነቱን ይደብቅ፣ የልጆቹን ቁመት በልብሱ ቁልፎች እየገመተ እጁን ኪሱ ከትቶ ይጽፍ ነበር። የተሰበሰቡት ከ5,000 በላይ ፎቶዎች ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ማንም ሰው በኢንተርኔት ከነመግለጫቸው ሊያያቸው ይችላል።

የተቀጠረው ለቅስቀሳ ነውና ምስክርነቱ አይታመንም የሚሉ አሉ። ዓላማ እንደነበረው እውነት ነው፤ ስሞችን አሳስቶ የጻፈባቸውም ቦታዎች አሉ። ነገር ግን ቦታ፣ ቀን፣ ቁመትና ደሞዝ የመዘገበው ባለፋብሪካዎች ሐሰት ነው ብለው እንደሚከራከሩት ስለሚያውቅ ነው። እኛም ዛሬ ልናጣራው የምንችለው በዚሁ ዝርዝር የተነሳ ነው። ሌሎች ደግሞ ቁጥሩ ይበቃል ይላሉ፤ የ1900 የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15 የሆነ 1.75 ሚሊዮን ያህል ሠራተኛ ልጆችን መዝግቧል። ከ10 ዓመት በታች ያሉት ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም፤ ዕድሜውንም ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ልጁ እንዲሠራ የሚፈልጉ ወላጆች ነበሩ። ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ፎቶዎቹ ያላሳዩት ነው። የደቡብ ጥጥ ፋብሪካዎች ለመፍተል ሥራ ጥቁሮችን ባብዛኛው ስለማይቀጥሩ፣ በእነዚህ ምስሎች የሚታዩት የነጭ ልጆች ፊቶች ናቸው። በእርሻና በሰው ቤት የሚሠሩትን ጥቁር ልጆች የሚፈልግ ተመራማሪ ከፋብሪካው መውጣት አለበት።

የወላጆችም ድምፅ እንዲሁ ሌላ ቦታ ይገኛል። በ1916 ኮንግረስ በልጆች ጉልበት የተመረተ ዕቃ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይሸጥ ሲከለክል፣ እዚያው ሰሜን ካሮላይና፣ ሻርሎት ውስጥ የሁለት ወንዶች ልጆች አባት የሆነ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ሕጉን በመቃወም ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1918 በ5 ለ4 ድምፅ ሕጉን ሻረው። ከክሱ ጀርባ የባለፋብሪካዎች እጅ ነበረበት፤ ሆኖም በመዝገቡ ላይ የልጆቹ ደሞዝ ለቤተሰቡ መተዳደሪያ እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። ስለ ቤተሰቦቹ ችግር የሃይን ፎቶዎች የሚሉት ጥቂት ነው፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ግን ይናገራል።