የኮንትራት ጀልባና የማይጻፍ ቅጣት

እሑድ ማለዳ 12 ሰዓት አየር ጤና የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያያል። ነጠላ ለብሰው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው የማኅበር ጉዞ የሚጠብቁ እናቶች አሉ። ትንሽ ራቅ ብለው ደግሞ በቴሌግራም የተጠራሩ ወጣቶች ወደ ወንጪ ሊሄዱ ሚኒባስ ከበዋል። ሚኒባሱ ኮንትራት ነው። በካራ ቆሬ ወጥቶ፣ ሰበታንና ቱሉ ቦሎን አልፎ ወሊሶ ላይ ይታጠፋል። እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያሰናዱ ሰዎች አንዳንዶቹ የአስጎብኚ ፈቃድ የላቸውም፤ መኪናውም ኮድ 2፣ ማለትም የግል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ውኃው ዳር ሲደርሱ የሚሳፈሩበት ጀልባም ኮንትራት ነው። ስለ ጀልባው ፈቃድ ግን የሚጠይቅ መንገደኛ አላጋጠመኝም።

የዛሬው ጉዳዬ ይህ ያልተጠየቀ ፈቃድ ነው፤ ማሳያዬም ጣና ሐይቅ ነው። አየር ጤና ካለበት ከኮልፌ ቀራኒዮ እስከ ጣና ሩቅ ቢመስልም፣ ዋጋውን የሚከፍለው የእኛው ሰፈር መንገደኛ ነው።

ፈቃድ ያለው ጀልባ ነጂ በሚጠራው ዋጋ ውስጥ ግብር፣ የፈቃድ እድሳት፣ ላይፍ ጃኬትና የሞተር ጥገና ተካተዋል። ፈቃድ የሌለው እነዚህን ሁሉ ስለተወ ርካሽ ይጠራል። መንገደኛም ርካሹን ይይዛል። ሕጋዊው ገበያውን ላለማጣት ዋጋ ይቀንሳል፤ ለመቀነስ ደግሞ መጀመሪያ የሚተወው የጃኬቱን መግዣና ጥገናውን ነው። አንድ ሕገወጥ ጀልባ ሌሎቹንም ወደ ራሱ ደረጃ የሚያወርደው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ እንግዲህ በሰዎች መካከል ያለው ሒሳብ ነው። ሐይቁ ላይ የሚያርፈው ይከብዳል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በውስጡ 37 ደሴቶች ይቆጠራሉ፤ ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሳሰሉ ጥንታዊ ገዳማት አሉበት። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ከዳር ያለው ደንገል ታንኳ መሥሪያ ብቻ አይደለም፤ ዓሣና ወፍ የሚራቡበት ቤት ነው። ፈቃድ የሌለው ጀልባ ተቆጣጣሪ ያለበትን ወደብ ስለሚሸሽ፣ መንገደኛ ለመጫንና ለማውረድ የሚመርጠው ይህንኑ ደንገላማ ዳርቻ ነው። ቁጥጥሩ በወደቡ ብቻ ሲወሰን ሕገወጡን ይበልጥ ስስ ወደሆነው ቦታ ይገፋዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ እምቦጭ የሚባለው አረም አለ። የአረሙ ቁራጭ በሞተር ምላጭ ላይ ተጠምጥሞ ንጹሕ ወደነበረ ዳርቻ ቢደርስ፣ ነቅሎ የሚያወጣው የአካባቢው ገበሬ ነው። ጀልባ ነጂው ለዚያ አንድ ብር አይከፍልም፤ በርካሽ የተሳፈረውም አይከፍልም።

ታዲያ ሕግ የለም ወይ? አለ፤ ያውም የከበደ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 686 ያለ ፈቃድ የሚነግድን ሰው ከ150,000 እስከ 300,000 ብር መቀጮና ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 980ም ያለ ፈቃድ መነገድን በወንጀል የሚያስጠይቅ ጥፋት አድርጎ ቀጥሏል። እስቲ ራሳችንን በተቆጣጣሪው ቦታ እናስቀምጥ። አምስት ቤተሰብ የሚያስተዳድር ጀልባ ነጂ ፊቱ ቆሟል። ለአንድ ቀን ጉዞ የወንጀል ክስ መጻፍ እጅ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ወይ በምክር ያልፈዋል፣ ወይ ድርድር ይጀመራል። ሲደራደሩ የቅጣቱ ክብደት የሚጠቅመው እጅ መንሻ ተቀባዩን ብቻ ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ጥፋተኛ የሚያሰላው የቅጣቱን መጠን ብቻ ሳይሆን የመያዝ ዕድሉንም እንደሆነ አሳይቷል። በምሳሌ ልየው። ያለ ፈቃድ መሥራት በቀን 600 ብር ያተርፋል እንበል፤ በ100 የሥራ ቀን 60,000 ብር ይሆናል። መቀጮው 10,000 ብር ሆኖ ሰውዬው ሁለት ጊዜ ብቻ ቢያዝ 40,000 ብር ተርፎት ቤቱ ይገባል። መቀጮው ወደ 2,000 ብር ወርዶ፣ ነገር ግን በየሁለት ቀኑ አንዴ ቢያዝ፣ 100,000 ብር ከፍሎ ይከስራል። ትንሹ ግን የማይቀረው ቅጣት ያስቆመዋል።

እኔ የምመርጠው በቦታው የሚጻፍ፣ በድግግሞሽ የሚጨምር መቀጮ ነው። ከገንዘቡ በላይ የሚያመው ደግሞ ጀልባው መታሰሩ ነው፤ የጥምቀት ሳምንት ወደብ ላይ ታስሮ የዋለ ጀልባ ባለቤቱን ምን እንደሚያሳጣው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህ ግን ፈቃድ ማውጣት ቀላል ካልሆነ ግፍ ይሆናል። ንግድ ቢሮውም፣ ቱሪዝሙም፣ የትራንስፖርቱም አካል በየፊናው የሚያመላልሰውን ሰው ፈቃድ የለህም ብሎ መቅጣት አይገባም፤ ሁሉም በወደቡ ላይ በአንድ መስኮት ያስተናግዱት። የደንገል ታንኳ ቀዛፊውም ከሞተር ጀልባ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥ።

አውስትራሊያ በታላቁ የኮራል ሪፍ ያደረገችው ይታይልኝ። በባሕር ፓርኩ ውስጥ ጎብኚ የሚያጓጉዝ ነጋዴ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ከእያንዳንዱ ጎብኚም ለፓርኩ አስተዳደር የሚውል ክፍያ ሰብስቦ ያስገባል። እንዲህ ሲሆን ፈቃድ የሌለው ጀልባ የሐይቁንም የሕጋዊውንም ገንዘብ እንደሚወስድ በግልጽ ይታያል። ሕጋዊው ነጂም ዝም ብሎ አያልፈውም። ጣና ላይ ከየመንገደኛው ጥቂት ብር ለእምቦጭ ነቀላና ለደንገል ጥበቃ ቢሰበሰብ፣ ደረሰኙ ራሱ ሕጋዊውን ከሕገወጡ ይለያል። የጀልባውም ቁጥር ከዳር ቆሞ በሚነበብ መጠን ጎኑ ላይ ይጻፍ።

አየር ጤና ላይ ጉዞ የምታሰናዱ የማኅበር ጸሐፊዎችና ወጣቶች፣ ለጀልባ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት የጀልባውን ቁጥርና የፈቃዱን ፎቶ ጠይቁ። የላይፍ ጃኬቱም ብዛት ከተሳፋሪው ቁጥር ጋር እኩል መሆኑን በስልክ አረጋግጡ።