ያውቁ ኖሯል? ዳኛው መንገደኛ ነበር

አሜሪካ ያለው ልጅዎ ደውሎ «ጁሪ ተጠራሁ» ቢልዎ፣ ዳኝነት ተሾመ ማለት እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ጁሪዎች ከሕዝብ በዕጣ የሚጠሩ ተራ ሰዎች ናቸው። በከባድ ወንጀል አብዛኛውን ጊዜ 12 ሆነው ማስረጃውን ይሰሙና «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ይላሉ። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው አይቀመጥም፤ ጥሪው ቢደርሰውም «ዜጋ አይደለሁም» ብሎ መመለስ አለበት። ዜጋው ግን ዝም ቢል ይቀጣል። ስኮትላንድ 15 ሰው ታስቀምጣለች፤ ደቡብ አፍሪካ ጁሪን በ1969 እ.ኤ.አ. አስቀርታለች።

እኛ ዘንድ ጁሪ የለም። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ችሎት ቢቆሙም፣ ነገሩ መፈጸም አለመፈጸሙን የሚወስነውም ሕጉን የሚጠቅሰውም ያው ዳኛው ነው።

ግን በጥንቱ ወግ ተራው ሰው ራሱ ይፈርድ እንደነበር ያውቃሉ? ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ይቆማል። ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ይይዙና «ዳኘን» ይሉታል፤ እሱም መንገዱን ትቶ ይቀመጣል፣ እነሱ ቆመው ይሟገታሉ። ይህ የመንገድ ዳኛ ነው። ፍርዱን ያልወደደ ወደ ሹም ይሄዳል።

በትልቁ ችሎትስ? አስተያየት የሚጀምረው በማዕረግ ከሁሉ የሚያንሰው ነበር፤ ታላቁ መጨረሻ ላይ ይናገራል። ታናሹ የታላቁን ፊት እያየ ቃሉን እንዳያጥፍ ይህን የመሰለ መላ የለም። ዛሬም ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ቢሠሩበት እወዳለሁ።

ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ያገሩ ሰው ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። የሚያውቀውን በአደባባይ ለመናገር የፈራ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ በስውር ይጠቁማል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ጉዳቱን ያገሩ ሰው በጋራ ይከፍል ነበር፤ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ማስከፈሉ ግን ልክ አልነበረም።

ሕዝቡ ራሱ የሚመርጣቸው አስተዳዳሪዎችም ነበሩ። በመንዝ የጓሳን ሣር መንዜዎች ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ የኖሩት ራሳቸው በመረጧቸው አባ ቄራዎች ነበር። ሥርዓቱ የቀረው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አጥቢያ ዳኛው የስድብንና የጥቃቅን ስርቆትን ነገር ሲያይ ሁለት ሰዎች አብረውት እንዲቀመጡ ያዝዝ ነበር። የሚጥለው መቀጮ ከ15 ብር አያልፍም ነበር። ለጁሪ የቀረብነው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የባህል ዳኝነት ዛሬም አልቀረም፤ ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ ብቻ ነው። እህቴ፣ ሽማግሌ ስለመጣ ብቻ ተገደሽ አትቀመጪም!

ዛሬ ፍርድ ቤት የሚፈልግዎ ለምስክርነት ነው። መጥሪያ ደርሶዎ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ያስቀጣል፤ እርስዎ ሲቀሩ የተበደለው ሰው ያለ ምስክር ይቀራል። የሚያስፈራዎት ነገር ካለ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ አስቀድመው ይንገሩ፤ ለከባድ ወንጀል ምስክሮች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ማንነት መሰወርንና ከመጋረጃ ጀርባ መመስከርን ይጨምራል።