የአየር መንገድ መሪዎች ምን ተምረው ነው የሚሾሙት?

አቶ መስፍን ጣሰው በፈረንጆቹ 1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድን የተቀላቀሉት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቅ ሆነው ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው የተሾሙት ደግሞ ከ38 ዓመታት በኋላ፣ በመጋቢት 2022 ነበር።

ከእርሳቸው በፊት ተቋሙን የመሩት አቶ ተወልደ ገብረማርያም በአንጻሩ የምጣኔ ሀብት ምሩቅ ናቸው። ሁለቱም በንግድ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከብሪታኒያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው።

የኤምሬትስ ፕሬዝዳንት ቲም ክላርክም ምጣኔ ሀብት ተምረዋል፤ ኩባንያው በ1985 ሲቋቋም የነበሩ ሲሆን ፕሬዝዳንት የሆኑት በ2003 ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስን የመሩት ዊሊ ዋልሽ ግን ሥራ የጀመሩት በአብራሪነት ነው።

የትምህርት ዘርፋቸው ቢለያይም ሁሉም ወደ ላይ የወጡት በኢንዱስትሪው ውስጥ አድገው ነው። ዲግሪውን ይዞ በቀጥታ ለወንበሩ ለሚያመለክት ምሩቅ ይህ መልካም ዜና አይደለም። ከውስጥ ማደግ ሲባል ግን ከቤት አለመውጣት ማለት አይደለም፤ አቶ ግርማ ዋቄ በ2004 የኢትዮጵያ አየር መንገድን ለመምራት የተመለሱት በባህረ ሰላጤው አየር መንገድ ገልፍ ኤር ለዓመታት ከሠሩ በኋላ ነው።

ዋና ሥራ አስፈጻሚው የአብራሪነትም ሆነ የጥገና ፈቃድ እንዲኖረው አይጠየቅም። የበረራና የጥገና ኃላፊዎችን ግን ኩባንያው ብቻውን አይሾምም፤ ብቃታቸውና ልምዳቸው ታይቶ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ሊቀበላቸው ይገባል።