ከከሚሴ እስከ ማስተርስ፦ ለኮሙኒኬሽን ተማሪ ማን ይከፍላል?

እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ ጋዜጠኝነትን ወይም ኮሙኒኬሽንን በሁለተኛ ዲግሪ መማር የፈለገ ሰው አገር ለቅቆ መሄድ ነበረበት። በደርግ ዘመን መንገዱ በአብዛኛው ወደ ሶሻሊስት አገሮች ያመራ ነበር። መራጩም ላኪውም መንግሥት ነበርና ተማሪው ስለ ክፍያ ብዙም አይጨነቅም፤ የሚጨነቀው መመረጡን ነበር።

በ1996 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ እርዳታ፣ ከጊምለኮለን የጋዜጠኝነት ኮሌጅ ጋር ተባብሮ የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን ጀመረ። የውጭው ገንዘብ ተማሪውን ወደ አውሮፓ ከመውሰድ ይልቅ መምህሩን ወደ አገር ቤት አመጣው። በእኔ እይታ እስከ ዛሬ ከታዩት የድጋፍ ዓይነቶች በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ለሆነችው ለከሚሴ ሰው የቀረበው ይኸኛው ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ከፈቀደለት ውል ፈርሞ፣ ዋስ ጠርቶ፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ በአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ ርቀት መማር ይችል ነበር።

በዚያው ዓመት ግን ወጪ መጋራትም ተጀመረ። ደንቡ የሚመለከተው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን ነው፤ ሆኖም ከደመወዙ በየወሩ ዕዳ የሚቆረጥበት ጀማሪ ሠራተኛ ለማስተርስ ምን ያጠራቅማል? በ2001 ደግሞ ሰባ ሠላሳው መጣ። ከዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲሰጥ ኮሙኒኬሽን ከቀሪው 30 በመቶ ተሻሚ ሆነ።

ይህ የቅበላ ጥበት ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የተለየ ጉዳት አለው። ዞኑ በአፋን ኦሮሞ ያስተምራል፤ ከክልሉ ጋር የሚጻጻፈው ግን በአማርኛ ነው። የክልሉ መገናኛ ብዙኃንም ሂርኮ የተባለውን የአፋን ኦሮሞ ጋዜጣ ሲያሳትም፣ በቋንቋው ፕሮግራም ሲያሰራጭ ኖሯል። በሁለቱም ቋንቋ አጥርቶ የሚጽፍ ባለሙያ ማሠልጠን ከማንም በላይ የሚጠቅመው ክልሉን ራሱን ነው። የውጭ ለጋሽ ይህን ጥቅም ሊያየው አይችልም፤ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ መንግሥት ግን ማየት ነበረበት።

ቀጥሎ የመጣው ጦርነት ነው። በ2014 መጀመሪያ ላይ ከሚሴ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት መካከል ወደቀች፤ ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፈ። በነሐሴ 2015 በክልሉ አዲስ ውጊያ ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። የብሪታኒያው ቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ በዚያን ወቅት ማመልከቻ የተቀበለው ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት፣ በኢንተርኔት ብቻ ነበር። ከ2016 ጀምሮ በአገር ውስጥም ለድኅረ ምረቃ ብሔራዊ መግቢያ ፈተና ግድ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በራሱ ከፍሎ ውጭ ለመማር ለሚያስብም ወጪው በዚያው ልክ ናረ።

እንዲህም ሆኖ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በቦን የዶይቸ ቬለ አካዳሚ ለሚሰጠው የዓለም አቀፍ ሚዲያ ማስተርስ የጀርመን መንግሥት ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ኖሯል። ይህ ድጋፍ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድና ከስድስት ዓመት ያልበለጠ ዲግሪ ይፈልጋል፤ የዞን ኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ደግሞ የሥራ ልምዱ አለው።

ብዙ ሰው የማያውቀው የአሜሪካው መንገድ ነው። እዚያ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቻቸውን የአደባባይ ንግግር ኮርስ ያስወስዳሉ። ክፍሉ ብዙ፣ መምህሩ ጥቂት ስለሆነ የኮሙኒኬሽን ዲፓርትመንቶች ኮርሱን እንዲያስተምሩ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸው ይሰጣሉ፤ በምላሹ የትምህርት ክፍያ ይነሳላቸዋል፣ የወር አበልም ይከፈላቸዋል። ይህ ስኮላርሺፕ ሳይሆን ሥራ ነው፤ ስለዚህም የሚያወዳድረው ፋውንዴሽን ወይም ኤምባሲ ሳይሆን ዲፓርትመንቱ ራሱ ነው። ዕድሉ ከማስተርስ ይልቅ ለዶክትሬት ይሰፋል። በዶላር የሚጠየቀውን የማመልከቻ ክፍያ ደግሞ አንዳንዶቹ ቀድሞ ለጠየቃቸው ይተዉታል። የብዙዎቹ ቀነ ገደብ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ነው፤ የእንግሊዝኛ ፈተናውና የምስክርነት ደብዳቤዎቹ ግን ከክረምቱ ጀምሮ መዘጋጀት አለባቸው።