ቡታጅራ ላይ የተቆጠሩት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ በበርበሬና በጫት ትታወቃለች። የአእምሮ ሐኪሞች ግን ስሟን የሚያነሱት በሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ መረጃ ሰብሳቢዎች በወረዳው ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎችን አነጋገሩ። በመጠይቁ ብቻ ሳይወሰኑም የሰፈሩን ሰው ጠንቅቀው የሚያውቁ ነዋሪዎችን ጠየቁ። ደጅ የማይወጣ በሽተኛ ከጎረቤት አይሰወርምና።

ተጣርቶ 321 ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ የተባለው የአእምሮ ሕመም ተገኘባቸው። ከሺህ ሰው አምስት ገደማ መሆኑ ነው፤ ቁጥሩ ከሌላው ዓለም ብዙም አይለይም። የሚለየው ሌላው ነው፦ የሕመሙን መድኃኒት ከዚያ በፊት ወስደው የሚያውቁት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ።

ሕመሙ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ያሰማል፤ ጎረቤት ሊመርዘኝ ነው ያሰኛል። ቤተሰብን ይበልጥ የሚያደክመው ግን ዝምታው ነው። ልጁ አይታጠብም፣ አያወራም፣ ሞፈሩን ጥሎ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ቤቱ ጉልበቱን በሚጠብቅበት ጊዜ ነው።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? ጠበል ይወስዳል፣ ሼሁ ዘንድ ይሄዳል፣ ሲብስም ያስራል። ይህን ድንቁርና ብሎ ማለፍ ለከተሜ ይቀላል። በዚያው በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ ተመራማሪዎች ያነጋገሯቸው ቤተሰቦች ግን ሌላ ምክንያትም ነበራቸው፤ አንዳንዱ ሰው የታሰረው ወደ ሕክምና ለመውሰድ ነበር። ሕክምናው ደግሞ ሩቅ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረውም በ2003 እ.ኤ.አ. ነው።

የቡታጅራው ጥናት በቆጠራው አላበቃም። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ሲከታተል ከመቶ 13 ያህሉ ሞቱ። ዕድሜያቸው ከሌላው ነዋሪ በሠላሳ ዓመት ግድም ያጠረ ነበር። ገዳዩም ብዙዎች እንደሚገምቱት በአብዛኛው ራስን ማጥፋት አልነበረም፤ ግማሹን ያህል የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። የሚያስለውንና የሚያተኩሰውን ሰው «እሱ እኮ የአእምሮ በሽተኛ ነው» ብሎ መተው እንዲህ ያስከፍላል።

ከዚያ ወዲህ አንድ በጎ ነገር ታይቷል። በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና የጤና መኮንኖች አጭር ሥልጠና ወስደው እነዚህን ሕሙማን ሲከታተሉ፣ ውጤታቸው በሆስፒታል የሳይካትሪ ነርሶች ከሚሰጡት ክትትል እንዳላነሰ በአካባቢው የተካሄደና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። አማኑኤል ድረስ መንከራተት ግድ አይደለም ማለት ነው።

ይሁንና ጤና ጣቢያው ቅርብ ሆኖም መድኃኒቱን የሚያቋርጡ አሉ። ምክንያታቸውን የቡታጅራ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው ለተመራማሪዎች ሲናገሩ ከማኅበራዊ መገለሉና ከጎንዮሽ ጉዳቱ ጋር አንድ ተራ ነገር ደጋግመው አንስተዋል፦ ረሀብ። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ይቀሰቅሳል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚቀመስ የለም። ክኒኑን ትቶ ከድምፆቹ ጋር መኖር ወይም ክኒኑን ውጦ ከሆድ ጋር መታገል፣ ምርጫው ይሄው ነው። ይህን ደግሞ ሃሎፔሪዶልን የመሰለ የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት በማዘዝ ብቻ ማከም አይቻልም።