የክበቡ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የሥራ አስኪያጁስ ሙያ?

በመሥሪያ ቤት አጥር ላይ «የሠራተኞች መዝናኛ ክበብ ለማከራየት የወጣ ጨረታ» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ልምድ ያለው ነጋዴ የሚጠየቀውን ገና ሳያነበው ያውቀዋል። የታደሰ የንግድ ፈቃድ፤ የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥር፤ የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ፤ የእያንዳንዱ ምግብና መጠጥ ዋጋ በታሸገ ፖስታ። ፈቃዱን ያላሳደሰ ተጫራች ገና ከበሩ ይሰናበታል። ክበቡን ቀን ከሌት የሚያንቀሳቅሰው ሥራ አስኪያጅ ሙያውን መቼ እንዳደሰ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ግን ይህ ጸሐፊ እስካሁን አልገጠመውም።

ጉዳዩ ከአዲስ አበባ ይልቅ እንደ መካነ ሰላም ባሉ ከተሞች ይከብዳል። የድሮው የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ከደሴ በስተምዕራብ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአባይ ሸለቆ ወዲህ ባለው ደጋ ላይ ትገኛለች። ሆስፒታል አላት፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት፤ የወረዳና የከተማ መሥሪያ ቤቶች አሉባት። በአቅራቢያዋም ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚታዩበት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ። መሥሪያ ቤት ባለበት ሁሉ ሠራተኛ አለ፤ ሠራተኛ ባለበት ደግሞ ሻይ፣ ቁርስና ምሳ የሚያቀርብ ክበብ ይኖራል።

ክበብ ለነጋዴ የሚያጓጓ ሥራ ነው። ደንበኛው ግቢ ውስጥ ነው፤ ኪራዩም ብዙ ጊዜ ከዋናው መንገድ ዳር ቤት ይረክሳል። ችግሩ ዋጋው ነው። በገበያ ላይ ያለ ምግብ ቤት ዘይት ሲወደድ የምግብ ዝርዝሩን በአንድ ሌሊት ይለውጣል። የክበብ ተከራይ ግን ዋጋውን በፖስታ አሽጎ ያቀረበ፣ ውል የፈረመ፣ ለአንዲት ብር ጭማሪ ኮሚቴ ደጅ የሚጠና ሰው ነው። ስለዚህ ትርፉን ከዋጋ አያገኝም። ትርፉ ያለው በመጋዘኑ፣ በምድጃውና በዱቤ መዝገቡ ውስጥ ነው።

የዚህን ጸሐፊ አጎት እንደ ምሳሌ ላንሳ። ከዓመታት በፊት በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ የአንድ መሥሪያ ቤት ክበብ በዝቅተኛ ዋጋ አሸንፈው ያዙ። ጥሩ ምግብ አዋቂ ናቸው፤ ሂሳብ ግን በጭንቅላታቸው ነው የሚይዙት። ሠራተኛው በዱቤ እየበላ ደመወዝ ሲደርስ ይከፍላል፤ የተዛወረው ሠራተኛ ደግሞ ዕዳውን መዝገብ ላይ ትቶ ይሄዳል። በስድስተኛው ወር የዘይትና የጤፍ ዋጋ ሲጨምር ኮሚቴው ማስተካከያ አልፈቀደም። አጎቴ ውሉን አቋረጡ፤ የውል ማስከበሪያውም እዚያው ቀረ። በዱቤ የወጣውን ገንዘብ ለመሰብሰብ ዓመት ፈጀባቸው። ግማሹ እስከ ዛሬም አልተሰበሰበም።

ምግብ ማብሰል ሌላ፣ ክበብ ማስተዳደር ሌላ መሆኑን አንድ ትንሽ ስሌት ያሳያል። ድራፍት የሚሸጥ ክበብ 50 ሊትር የሚይዝ በርሜል ቢከፍትና ብርጭቆው 33 ሳንቲ ሊትር ቢይዝ፣ በወረቀት ላይ 151 ብርጭቆ ይወጣዋል። ማታ ካሸሩ ያስረከበው የ136 ብርጭቆ ሒሳብ ከሆነ 15 ብርጭቆ የት ገባ? ከፊሉ አረፋ ነው፤ ከፊሉ ከልክ በላይ የተቀዳ ነው፤ ከፊሉ የአስተናጋጁ ወዳጅ የጠጣው ነው። ከመቶ 10 ያህሉ ፈሰሰ ማለት ነው። ዋጋው በውል በታሰረበት ቤት ይህ 10 በመቶ ራሱ ትርፉ ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ የሚቆጥር ሥራ አስኪያጅ ያገኘዋል፤ በወር አንዴ የሚቆጥር ግን «ቢራ አያዋጣም» ብሎ ይደመድማል።

ውጭ አገር ይህን ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1927 የተቋቋመው የአሜሪካ የክለብ አስተዳደር ማኅበር ለአባላቱ «የተመሰከረለት የክለብ ሥራ አስኪያጅ» የሚል ማዕረግ ይሰጣል። ማዕረጉን የሚሻ ሰው ፈተና ከመቀመጡ በፊት የትምህርት ነጥብ ማጠራቀም አለበት። ነጥቡ ከማኅበሩ ኮርሶች፣ ከዓመታዊ ጉባኤውና በማኅበሩ ውስጥ ከሚደረግ ተሳትፎ ይሰበሰባል። ማዕረጉ ከተገኘም በኋላ መማር አይቆምም። በእርግጥ የእነሱ ክለብ የጎልፍና የመርከብ አባላት ክለብ ነው፤ በአዲስ አበባ የጁቬንቱስን ክለብ ካላነሳን በቀር እኛ ከምንለው ክበብ ጋር ብዙም አይመሳሰልም። ሆኖም መጋዘን፣ ምድጃ፣ ሠራተኛ፣ ኮሚቴ የሚባሉት አራቱ ራስ ምታቶች በሁለቱም ዘንድ አሉ።

ነጥብ ማጠራቀም ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በጤናው ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ብሔራዊ መመሪያ መሠረት ባለሙያው በየዓመቱ 30 የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ እንዲይዝ ይጠበቃል፤ ነጥቡም ከሥራ ፈቃድ እድሳት ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ መካነ ሰላም ሆስፒታል ያለች ነርስ የትምህርት ነጥብ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ እዚያው ግቢ ምሳ የሚያቀርብላት የክበብ ኃላፊ ግን ሰምቶትም ላያውቅ ይችላል። የሒሳብ ባለሙያዎችም እንዲሁ ናቸው። የኤ.ሲ.ሲ.ኤ. አባል የሆነ በዓመት 40 ነጥብ መሙላት አለበት፤ ከእነዚህ ውስጥ 21ዱ በማስረጃ የሚረጋገጡ መሆን ይኖርባቸዋል። አንዱ ነጥብ አንድ የትምህርት ሰዓት ነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የፋይናንስ ሪፖርት ሥርዓት ከመጣ ወዲህ ይህ ነገር በአዲስ አበባ የሥልጠና ገበያ ፈጥሯል።

በመስተንግዶው ዘርፍ ያለን የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተው፣ ብዙዎች «ሆቴልና ቱሪዝም ማሠልጠኛ» የሚሉት ተቋምም ለአገሪቱ ሆቴሎች በርካታ ባለሙያ አፍርቷል። ሁለቱም ጥቅማቸው ግልጽ ነው። ምዘናው ግን አንድ ሰው በተፈተነበት ቀን የነበረውን ችሎታ ይለካል፤ በየዓመቱ የሚጠራቀም ሰዓት አይደለም።

መንገድ የሚበላው ቀን

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። የሒሳብ ባለሙያዎቹን 40 ሰዓት ለክበብ ሥራ አስኪያጅ እንዋስ። በቀን ስምንት ሰዓት ቢማር አምስት ቀን ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሠልጣኝ ከሥራው የሚርቀው ለእነዚያው አምስት ቀናት ብቻ ነው፤ ማታም ቤቱ ይገባል። ከመካነ ሰላም የሚነሳው ግን አንድ ቀን እስከ ደሴ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መመለሻውን ጨምረን ዘጠኝ ቀን ይሆናል፤ አራቱ የመንገድ ናቸው። በዚህ ላይ አልቤርጎ፣ ምግብና የአውቶቡስ ቲኬት አለ። ሥልጠናው ደሴ ቢሰጥ ሰባት ቀን ይሆናል። መካነ ሰላም ውስጥ ምሽት ምሽት ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሰጥ በ20 ምሽት ያልቃል፤ ክበቡም አንድም ቀን ያለ ኃላፊ አይውልም።

በአባይ በኩል ወደ ጉንደወይን ወጥቶ ጎጃምን ይዞ መሄድም አለ። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት የአማራ ክልል ተጓዥ የየብስ ጉዞውን በካርታ ብቻ አስልቶ አይነሳም። «በኢንተርኔት ይማር» የሚሉም አሉ። በዚያው ግጭት ሳቢያ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መክረሙን ማስታወስ ይበቃል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሥልጠና የማያውቀው ነገርም አለ። ወሎ ውስጥ ክበብ ሲከፈት አንድ ምድጃ ተብሎ አይታሰብም። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ተለይቶ ይታረዳል፤ ቢላው ይለያል፤ ድስቱ ይለያል፤ ሥጋ የሚያቀርበው ሰውም ይለያል። ይህን አቀላቅሎ የተገኘ ተከራይ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ አይጠብቅም፤ ደንበኛው በማግሥቱ ይቀራል። የግዢ ዕቅዱም በሁለት የጾም አቆጣጠር ነው የሚሠራው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው ነበር። በአንድ በኩል ሥጋና ቅቤ ቆመ፤ በሌላ በኩል የሙስሊሙ ሠራተኛ ምሳ ቀረ። ለተለመደው ወር የሚገዛውን ያህል የገዛ ተከራይ ምን ላይ እንደወደቀ መገመት አያዳግትም። መደራረቡን ቀድሞ ያሰላ ግን ሽሮውንና አትክልቱን አብዝቶ፣ ሥጋውን ቀንሶ፣ የቀን ሠራተኛውን ወደ ፈረቃ አዙሮ ሊያልፈው ይችላል። ይህ የግማሽ ቀን ትምህርት ነው። የሚያስተምሩት ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ በሥራው ያረጁ ሰዎች ናቸው።

ማን ይሽጠው?

ለዚህ ገጽ አንባቢ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። የመማሪያ ክፍል ችግር የለም። መቅደላ አምባ መካነ ሰላም ላይም ቱሉ አውሊያ ላይም አለ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ አለ። የጎደለው ነጥቡን የሚቆጥር ነው። በጤናው ዘርፍ ሥልጠና ሰጪውና ሥልጠናውን መርምሮ ነጥብ የሚያጸድቀው አካል ተለያይተዋል። ሻጩ ራሱ ሚዛኑን ከያዘ ወረቀቱ በገበያ ዋጋ አይኖረውም። በመስተንግዶም ይኸው ካልተደረገ፣ በሦስት ቀን ፎቶ ያለበት ሰርተፊኬት የሚያድሉ ድርጅቶች እንደ አሸን ይፈላሉ።

ገዢውም ቢሆን ያለ ምክንያት አይገዛም። አንድ ተከራይ ለሥራ አስኪያጁ 40 ሰዓት የሚከፍለው ጨረታው ላይ የሚያስገኝለት ነገር ሲኖር ነው። እስካሁን ክበብን ብዙ ጊዜ የሚወስደው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። እንደ አጎቴ ያለው ሰው ያሸነፈውም የከሰረውም በዚሁ መንገድ ነው። አከራዩ መሥሪያ ቤት ከመቶው አሥሩን ነጥብ እንኳ ለሥራ አስኪያጁ የታደሰ ሥልጠና ቢይዝ፣ በጥቂት ሳንቲም የሚበልጥ ዋጋ ያቀረበ ነገር ግን መጋዘን መቁጠር የሚችል ተጫራች ዕድል ያገኛል። መሥሪያ ቤቱም በዓመቱ አጋማሽ ያለ ሻይ አይቀርም።

ጊዜውን በተመለከተ አንድ ነገር መጠቆም ይቻላል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የዓመት ውል የያዙ ብዙ ክበቦችም በዚያው ሰሞን ውላቸውን ያድሳሉ ወይም ወደ ጨረታ ይወጣሉ። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ሥጋ የሚሸጥ ቤት ሁሉ ቀዝቀዝ የሚልበት ወቅት ነው። 20 ምሽት ከዚያ ውስጥ አይጠፋም። በዚያን ጊዜ መካነ ሰላም ላይ ክፍል የሚከፍት ሥልጠና ሰጪ ወጪው የአስተማሪ አበል፣ ክራይና የወረቀት ነው። ሠልጣኞቹም ከጾሙ ፍቺ እስከ ሐምሌ የተማሩትን በርሜልና በዱቤ መዝገብ ላይ የሚሞክሩበት ቢያንስ ሁለት ወር ያህል ይተርፋቸዋል።